ሌዘር ፕሪንተር ላይ ወረቀት አገባብ፦ ፓኬቱን ከመክፈት ጃም (ውስጥ ተነክሶ የቀረ ወረቀት) እስከማውጣት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጥራዝ ምናምን እንሰራለን። ከዛ ውጪ ደሞ በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችና ትናንሽ ቢሮዎች "ፕሪንተራችን ተበላሸ፣ ድረስልን" ብለው ይደውሉልኛል፣ እኔም በባጃጅ ከች እላለሁ። ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ ወረቀቱ ነው በስርዓት ያልገባው። ትሬዩን (ወረቀት መያዣውን) አወጣለሁ፣ ወረቀቱን አስተካክላለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ይሰራል። እነሱ ያፍራሉ፣ እኔም ለዚች ብር መጠየቅ ያሳፍረኛል፣ በሳምንቱ ግን ያው ሰው በዛው ስህተት ይደውላል። ስለዚ ይሄው ከሀ እስከ ፐ ጻፍኩት፣ ስልካችሁን ፕሪንተሩ አጠገብ አቁማችሁ እያነበባችሁ አርጉት።

መጀመሪያ እነዚህን አጠገባችሁ አርጉ

አንድ ፓኬት ወረቀት፣ ንጹህ ደረቅ ጨርቅ (ብናኝ የማይለቅ፣ የመነጽር መጥረጊያ አይነቱ በጣም አሪፍ ነው)፣ እርሳስ፣ የስልክ ባትሪ መብራት። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ፓስቲ የበላ እጅ ወረቀት ሲነካ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ከወረቀቱ ወደ ሮለሩ (ወረቀቱን ወደ ውስጥ የሚስበው ጎማ) ይሄዳል፣ ሮለር ደሞ ዘይት ከነካው መሳብ ያቆማል።

ደረጃ 1፦ የፕሪንተራችሁን አፍ እወቁ

በኛ ሰፈር በብዛት የማየው ሁለት አይነት ነው። አንዱ ከፊቱ ክዳኑን ወደታች ስትከፍቱት ወረቀቱ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ የሚቀመጥበት ትንሹ ማሽን ነው፣ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ን የመሰለ። እሱ የሚይዘው 150 ወረቀት ነው። ሌላኛው ከታች የሚሳብ መሳቢያ ያለው ነው፣ ለምሳሌ የኤችፒው ኤም402። መሳቢያው (ትሬይ 2 የሚባለው) 250 ይይዛል፣ ከሱ በላይ ተከፍቶ የሚወርደው ትሬይ 1 ደሞ 100።

አንድ ፓኬት (ደስጣ የሚሉትም አሉ) 500 ወረቀት ነው። ሂሳቡን አስሉት፤ መሳቢያ ያለው ላይ ግማሽ ፓኬት፣ ትንሹ ላይ ደሞ ሲሶም አይሞላም፣ በውፍረት አንድ ሴንቲ ተኩል አካባቢ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ማለት ነው። ሰው ግን "ደጋግሜ ከምጨምር" እያለ የገባለትን ያህል ይጠቀጥቃል። እላዩ ላይ ያለው ወረቀት ሮለሩን ቀድሞ ይጫነዋል፣ አንዴ ሲስብ አራት አምስት ወረቀት አብሮ ይሄዳል፣ ከዛ ጃም። መሳቢያው ውስጥ ጎኑ ላይ መስመር ወይ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ምልክት አለ፣ ከሱ በላይ እንዳታስገቡ የሚል ነው። ወፍራም ወረቀት ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን እዩት

ተራው ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር ነው፣ የምትፈልጉት ደሞ 80 ግራም የሚለውን ነው። ይሄ 80 የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ፓኬቱ ላይ 80 ይልና ውስጡ ስስ የሆነ ወረቀት ገጥሞኝ ያውቃል፣ ከዛ ወዲህ ስጠራጠር ጎረቤቴ ባለሱቋ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። 500ው ሙሉ ከሆነ የ80 ግራም ፓኬት 2.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ 70 ግራም ከሆነ 2.2 አካባቢ። ባለሱቋ "ወረቀት በኪሎ ጀመርክ እንዴ" ትለኛለች፣ ትበል። 70 ግራም አይሰራም ማለቴ አይደለም፣ ይሰራል፣ ግን ማሽኑ ያረጀ ከሆነ ሁለት ሁለት መሳብ የሚጀምረው በሱ ነው።

ጠርዙንም ዳስሱ። በደብዛዛ ምላጭ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ ሻካራ ይሆናል፣ ወረቀቶቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጥጉ የታጠፈ፣ የተጨማደደ፣ ውሃ ነክቶት የደረቀ ካለ አውጡትና ለማስታወሻ አርጉት። "አንዷ ምን ታመጣለች" አትበሉ፣ ጃም የምታረገው ያቺው አንዷ ናት።

ደረጃ 3፦ ፓኬቱን መክፈትና ማላቀቅ

ወረቀቱ ከመርካቶ በዝናብ ተጭኖ ከመጣ ያኑ እለት አትክፈቱት። እንደታሸገ ፕሪንተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩት፣ የክፍሉን አየር ይልመድ። ሽፋኑ ዝም ብሎ ማሸጊያ እንዳይመስላችሁ፣ እርጥበት እንዳያስገባ ተደርጎ የተሰራ ነው፣ ስለዚ ቀዳችሁ አትጣሉት። በአንድ በኩል ብቻ ክፈቱት፣ የተረፈውን መልሳችሁ ታጥፉበታላችሁ።

ሽፋኑ ጎን ላይ ቀስት ካለ ወዴት እንደሚያሳይ እዩ። ቀድሞ ይታተምበት የሚለውን ፊት ነው የሚያሳየው። ቀስት ከሌለ አትጨነቁ።

የምትፈልጉትን ያህል አውጡና አላቁት። ኤችፒ በመመሪያው ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ በአውራ ጣት አታራግቡት ይላል፣ ሌላው የፕሪንተር አምራች ብራዘር ደሞ በደንብ አራግቡት ይላል። እኔ ለሁሉም የማረገው እንዲህ ነው፦

የወረቀቱን ክምር ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ጥብቅ አርጋችሁ ያዙ። ጫፎቹን ወደ ላይ አንሱ፣ መሀሉ ወደታች እንዲጎብጥ። ቀጥሎ ገልብጡት፣ ጫፎቹ ወደታች መሀሉ ወደ ላይ። ሶስት አራቴ እንዲህ ካረጋችሁ በመቁረጫው የተጣበቁት ጠርዞች ይላቀቃሉ። ከዛ ጠረጴዛ ላይ በአጭሩ ጎን ጠቅ ጠቅ፣ በረጅሙ ጎን ጠቅ ጠቅ አርጋችሁ አራቱም ጥግ እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። አንድ እንኳን ወጣ ብሎ የቀረ እንዳይኖር።

ደረጃ 4፦ ትሬዩን መጀመሪያ ባዶ አርጉት

ይሄን ደረጃ ማንም አያረገውም። ለዛ ነው ስልኬ የሚጠራው።

ሰው ወረቀት ሲያልቅበት፣ ወይ ሊያልቅ ሲል፣ በነበረው ላይ አዲሱን ከላይ ጣል ያረጋል። የበፊቱ ግን ሶስት ቀን ተከፍቶ ሲቀመጥ እርጥበት ስቧል፣ ትንሽ ጎብጧል፣ አዲሱ ደሞ ቀጥ ያለ ደረቅ ነው። ሁለቱ መሀል ላይ የሚገናኙበት ቦታ ጋ ማሽኑ ሲደርስ ወይ ሁለት ይስባል ወይ ይነክሳል። ስለዚ የቀረውን በሙሉ አውጡ፣ ከአዲሱ ጋር ቀላቅላችሁ አንድ ላይ ጠቅ ጠቅ አርጉ፣ አንድ ክምር ሆኖ ይግባ። 5 ወረቀት ብቻ ቢቀርም አውጡት።

ማሽኑ እያተመ ትሬዩን አትሳቡ። አንዱን ወረቀት ግማሹን ጎርሶ ግማሹ ትሬይ ውስጥ እያለ ከሳባችሁት ይቀደዳል።

ባዶ ካረጋችሁት አይቀር የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጡን እዩ። ኮዬ ላይ አስፋልቱን ትንሽ ከለቀቃችሁ አቧራ ነው፣ በተለይ ከጥቅምት በኋላ፣ በሩን ከፍታችሁ ብትውሉ ማታ ትሬዩ ውስጥ በጣት ስም መጻፍ ትችላላችሁ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አትንፉት፣ አቧራው ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። የወደቀ ስቴፕል፣ አግራፍ፣ የወረቀት ቁራጭ ካለ አንሱ። አንዴ አንዲት መምህርት ጋ ሄጄ ትሬዩ ውስጥ ያገኘሁት የልጅ የጸጉር ማስያዣ ነበር፣ እንዴት እንደገባ እስከዛሬ አልገባንም።

ደረጃ 5፦ ጋይዶቹን ከወረቀቱ ጋር ማገናኘት

ጋይድ የሚባሉት ወረቀቱን ከግራና ከቀኝ፣ ከኋላም የሚይዙት ተንሸራታች ፕላስቲኮች ናቸው። የጎኖቹን አንዱን ቆንጠጥ አርጋችሁ ስትገፉት ሌላኛው አብሮት ይሄዳል፣ በግድ አትጎትቷቸው፣ ከስር ያለው ጥርስ ይሰበራል።

1. ጎንና ጎኑን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት።
2. የኋላውን ጋይድ የወረቀቱ መጠን ጋ አምጡት። ትሬዩ ወለል ላይ ኤ4፣ ሌተር፣ ሊጋል የሚሉ ምልክቶች ተቀርጸዋል፣ ኤ4 የሚለው ላይ ቀጭ ይበል።
3. ወረቀቱን አስቀምጡ።
4. የጎኖቹን ጋይዶች ወረቀቱን እስኪነኩ ብቻ አቅርቡ።

"እስኪነኩ ብቻ" ያልኩትን አስምሩበት። ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ያንቀዋል። ከተወው ወረቀቱ ዘንበል ብሎ ይገባል፣ ጽሁፉ ጠማማ ይወጣል፣ ከባሰም ጥጉ ይታጠፋል። ካነቀው ደሞ ወረቀቱ መሀሉ ጋ ከፍ ይላል፣ ማሽኑም "ትሬዩ ባዶ ነው" ይላል ወይ እየታገለ ይቀድደዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ጎንበስ ብላችሁ በወረቀቱ ልክ እዩት፣ መሀሉ ጎበጥ ብሎ ከሆነ ጠብቋል፣ በጣት ግራ ቀኝ ስትገፉት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ላልቷል።

ደረጃ 6፦ ማስገባት

ትንሹ ማሽን ላይ ከሆነ ወረቀቱን ወደ ውስጥ እስኪቆም ድረስ ግፉት፣ ሲቆም በቃ፣ ከዛ በላይ አትግፉ። የአቧራ ክዳኑ ካለ መልሱት፣ ሰው ስለሚያስጠላው ነቅሎ ይጥለዋል፣ እዚህ ሰፈር ግን እሱ ነው ማሽኑን የሚያኖረው።

መሳቢያ ያለው ከሆነ አራቱም ጥግ ጠፍጥፎ መተኛቱን እዩ፣ በተለይ የፊተኛው ጠርዝ። አንዳንድ ማሽን ላይ ከወረቀቱ ስር ያለውን ሳህን ቀጭ እስኪል ወደታች መጫን አለባችሁ፣ አዲሶቹ ላይ የለም። ከዛ መሳቢያውን ቀጥ አርጋችሁ፣ ሳትወረውሩ፣ እስከ መጨረሻው ግፉት። በእግር የሚዘጉ አይቻለሁ። ወርውራችሁ ስትዘጉት ያስተካከላችሁት ወረቀት ሁሉ ወደ ኋላ ይንሸራተትና የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ የትኛው ፊት ነው የሚታተመው?

ባዶ ነጭ ወረቀት ከሆነ ይሄን እለፉት። ማህተም ያለበት፣ ሎጎ ያለበት ሌተርሄድ፣ ወይ አንድ ፊቱ የታተመ ፎርም ከሆነ ግን ቁሙ። አንዱ ማሽን ፊቱን ወደ ላይ ይፈልጋል፣ ሌላው ወደታች፣ ትሬይ 1ና ትሬይ 2 ያላቸው ማሽኖች ላይ ሁለቱ እንኳን ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለት ገጽ (ፊትና ጀርባ) በራሱ የሚያትም ከሆነ ደሞ ይገለበጣል። ስለዚ በቃል መያዝ ትርፉ ድካም ነው፣ እርሳሱን አምጡ፦

አንድ ባዶ ወረቀት ላይ ወደ ላይ በሚያየው ፊት፣ ወደ ማሽኑ በሚገባው ጠርዝ በኩል፣ በስሱ "ላይ - ፊት" ብላችሁ ጻፉ። ለብቻው አስገቡት። አንድ ገጽ ጽሁፍ እዘዙበት። ሲወጣ እዩ፣ ጽሁፉ የእርሳሱ ፊት ላይ ነው ወይስ ጀርባው ላይ? የገጹ ራስ የእርሳሱ ጽሁፍ ጋ ነው ወይስ በሌላኛው ጫፍ? መልሱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ፕላስተር አርጋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት። እኔ ሶስቱም ማሽኖቼ ላይ ለጥፌያለሁ፣ ምክንያቱም 60 የታተመ ሰርተፍኬት ተገልብጦ ከወጣብኝ በኋላ በራሴ ማስታወስ ላይ እምነት የለኝም። ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ደረጃ 8፦ ኮምፒውተሩ ላይ ኤ4 መሆኑን አረጋግጡ

ወረቀቱ በትክክል ገብቷል፣ ፕሪንት አላችሁ፣ ማሽኑ ግን ቢጫ መብራት እያብለጨለጨ ዝም። ስክሪን ያለው ከሆነ "ሎድ ሌተር" ይላል። እዚህ ጋ ነው ሰው ትሬዩን አስር ጊዜ የሚያወጣና የሚያገባው፣ ችግሩ ግን ትሬዩ ላይ አይደለም።

ብዙ ላፕቶፕ የሚመጣው በአሜሪካ አሰራር ተሞልቶ ነው፣ እነሱ ደሞ ኤ4 አይጠቀሙም፣ ሌተር የሚሉት አላቸው፣ 216 በ279 ሚሊሜትር። ከኤ4 በ6 ሚሊ ሰፋ፣ በ18 ሚሊ አጠር ይላል። ማሽኑ "የታዘዝኩት ሌተር ነው፣ ያለኝ ኤ4 ነው" ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ።

ወርድ ላይ ሌይአውት፣ ከዛ ሳይዝ፣ ከዛ ኤ4። ቀጥሎ የፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ፔፐር ሳይዝን ኤ4፣ ፔፐር ታይፕን ፕሌይን አርጉ። በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ፋይሉ ሌተር ሊሆን ስለሚችል እኔ ከመታዘዙ በፊት ሳይዙን ሳላይ ፕሪንት አልልም። ከቸኮላችሁ ደሞ አንዳንድ ትንንሽ ማሽኖች ላይ ያለውን መቀጠያ ቁልፍ አንዴ ስትጫኑት ባለው ወረቀት ላይ አትሞ ያልፈዋል፣ ግን የገጹ ታች ወይ ጎኑ ሊቆረጥ ይችላል።

ደረጃ 9፦ በ3 ገጽ ሞክሩ

200 ገጽ ፈተና በአንዴ አትዘዙ። 3 ገጽ ብቻ። ቀጥ ብሎ ወጣ? ጥጉ አልታጠፈም? አንድ አንድ ነው የሳበው? እንግዲህ ቀጥሉ።

ሲሳሳት ምን ታረጋላችሁ

ወረቀት ነክሶ ቀረ

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ። ውስጡ ወረቀቱ የሚያልፍበት ፊውዘር የሚባለው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያለው ነው፣ እጅ ያቃጥላል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስጡት።

ትሬዩን ቀስ አርጋችሁ አውጡ። ክዳኑን ክፈቱ፣ ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱ ያለበትን እቃ) አውጡ። ቶነሩ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ከበሮ በጣት አትንኩ፣ ብርሃን ላይም አታቆዩት፣ ወረቀት ወይ ጨርቅ አልብሱት። አሁን ወረቀቱን ፈልጉ። ስታገኙት በሁለት እጅ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወደ ኋላ መሳብ የሚቻለው ገና ሲገባ ከሆነ ብቻ ነው፣ ማለትም አብዛኛው አሁንም ትሬዩ በኩል ካለ። ጫፉ ፊውዘሩ ጋ ከደረሰ ግን ወደ መውጫው በኩል፣ የኋላ በር ካለው በሱ። አንዳንዱ ማሽን ኋላ በሩ ውስጥ አረንጓዴ ማንሻ አለው፣ ወደታች ስታረጉት መጭመቂያው ይላላና ወረቀቱ በቀላሉ ይወጣል።

አንድ ማታ ልዘጋ ስል ቸኩዬ በአንድ እጄ ወደ ኋላ ሳብኩትና ለሁለት ተቀደደ፣ የቀረችዋን የጥፍር ስፋት ቁራጭ ለማውጣት ማሽኑ ተፈቶ አደረ። ስለዚ ከተቀደደባችሁ የወጡትን ቁርጥራጮች ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሙ። ሙሉ ኤ4 ካልሆነ የቀረው ውስጥ ነው። ቢላዋ፣ መቀስ፣ ወረንጦ አታስገቡ፣ የፊውዘሩ ሽፋን ስስ ነው፣ አንዴ ከተጫረ ገጹ ሁሉ ላይ መስመር ነው የሚወጣው።

ግማሽ የታተመው ወረቀት ላይ ያለው ቀለም ገና አልቀለጠም፣ ዱቄት ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ አራግፉ፣ ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

መብራት ሄደ

ይሄ የኛ የእለት ተእለት ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ውስጥ አንድ ወረቀት ይቀራል። ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉት፣ መብራቱ ሲመለስ በዝላይ ነው የሚመጣው። መብራቱ ተመልሶ ትንሽ ከረጋ በኋላ አብሩት፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ራሱ ይተፋዋል። ካልተፋ ከላይ እንዳልኩት አውጡ። በነገራችን ላይ "ለመጠባበቂያ" ብላችሁ ተራ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩ፣ ፊውዘሩ ሲሞቅ በአንዴ የሚስበው ሀይል ከባድ ነው፣ ዩፒኤሱ አይችለውም። ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ ተዉለት።

ሁለት ሁለት፣ ሶስት ሶስት ይስባል

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ወረቀቱን አውጥታችሁ ደረጃ 3 ላይ እንዳልኩት አላቁት። ብዛቱን ቀንሱ። ወረቀቱን ገልብጡት፣ ካልሆነ ደሞ አዙሩት። በጋ ላይ አየሩ በጣም ሲደርቅ ወረቀት እንደ ናይለን ልብስ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ማላቀቁ ያን ጊዜ ግዴታ ነው። የሌላ ፓኬት ሞክሩ። በሁለት የተለያየ ፓኬት ያው ከሆነ ከሮለሩ ፊት ለፊት ያለችው መለያያ ጎማ (ፓድ ይሏታል) አልቃለች፣ እሷ ትቀየራለች እንጂ አትታከምም።

ወረቀት አለ፣ ግን አይስብም

ሮለሩ ይንሸራተታል ማለት ነው፣ ድምጹ ይሰማችኋል፣ ጥር ጥር ብሎ ይቆማል። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ አቀዝቅዙ። ትሬዩን አውጥታችሁ ጎማዋን ፈልጉ፣ ግማሽ ክብ ወይ ክብ የሆነች ጥቁር ወይ ግራጫ ጎማ ናት። ጨርቁን በውሃ ብቻ አርሱ፣ በደንብ ጭመቁት፣ ጎማዋን እያዞራችሁ አቧራው እስኪለቅ ጥረጉ። ቤንዚን፣ ቲነር፣ ሽቶ ምናምን አይነካትም፣ ጎማው ይደርቅና ይሰነጠቃል። እስኪደርቅ ጠብቁና መልሱ። እዚህ አቧራ ውስጥ እኔ በወር አንዴ አረገዋለሁ።

ጽሁፉ ጠማማ ወጣ

ጋይድ። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ወረቀቱ እየተጠቀለለ ይወጣል

ክምሩን ገልብጣችሁ አስገቡ። ካልተስተካከለ ፔፐር ታይፕ የሚለውን ከፕሌይን ወደ ላይት ቀይሩት፣ ማሽኑ ሙቀቱን ቀነስ ያረጋል። አሁንም ከሆነ ወረቀቱ እርጥበት አለው።

ክረምት ላይ ይጨሳል!

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ስልክ አይቀርም፣ "ወንድሜ ፕሪንተሩ እየጨሰ ነው፣ ልናጠፋው ነው!" ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። ወረቀቱ የጠጣው እርጥበት ፊውዘሩ ውስጥ ሲሞቅ ተንኖ በመውጫው ይወጣል። የሚሸት ነገር ካለ አዎ አጥፉ፣ ካልሸተተ ግን ወረቀቱን ነው የምትቀይሩት።

የምድር ቤት ሱቅ ከሆነ ወረቀት ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ከስር ይስባል። እንጨት ወይ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አርጋችሁ፣ በጀርባው አስተኙት፣ አታቁሙት። ማታ ስትዘጉ ትሬይ ውስጥ የቀረውን አውጥታችሁ ሽፋኑ ውስጥ መልሱት፣ በላስቲክም ጠቅልሉት። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ነው የማረገው፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

የማይገቡና በጥንቃቄ የሚገቡ

ስቴፕል የነበረው ወረቀት፦ ሽቦው ወጥቶም ቀዳዳው አብሮት ካለው ጋር ይያያዛል፣ አትጨምሩት።

ጀርባው ባዶ የሆነ ያገለገለ ወረቀት፦ ቁጠባ ነው፣ ይገባኛል፣ እኔም ለረቂቅ እጠቀማለሁ። ግን በላይኛው ትሬይ፣ ጥቂት ጥቂት፣ እጥፋት የሌለውን ብቻ።

የኢንክጄት ፎቶ ወረቀትና ተራ ላስቲክ፦ በፍጹም። ሽፋኑ ፊውዘሩ ላይ ይቀልጣል። ስቲከር ከሆነ ለሌዘር ተብሎ የተሰራው ብቻ፣ እሱም አንዱ ተልጦ የተነሳበት ገጽ ዳግም አይገባም፣ የቀረው ሙጫ ውስጥ ይለጠፋል።

ወፍራም ካርድ፦ ሰርተፍኬትና የሰርግ ጥሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ፒ1102ን የመሰለ ትንሽ ማሽን እስከ 163 ግራም ነው የሚቀበለው፣ 250 ግራም ካርድ አምጥታችሁ "ሞክረው" አትበሉ። በልኩ ያለው ደሞ በመሳቢያው ሳይሆን በላይኛው፣ አንድ አንድ እየተደረገ፣ ፔፐር ታይፑ ሄቪ ወይ ካርድስቶክ ተብሎ ነው። ይሄን ካልቀየራችሁ ቀለሙ በደንብ አይቀልጥም፣ በጣት ስታሹት ይለቃል። የኋላ በር ካለው ክፈቱትና ወረቀቱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በዛ ይውጣ።

ቴክኒሻን የምትጠሩት መቼ ነው

በአዲስ ደረቅ ፓኬት፣ በትክክለኛ ጋይድ፣ ሮለሩ ተጠርጎም ያው ቦታ ላይ ሶስቴ ከነከሰ። ገጣጥማችሁት ሙሉ ያልሆነ ወረቀት ካለ። የመቃጠል ሽታ ካለ። ወይ ባዶ ሆኖ ሳለ "ጃም" እያለ ካስቸገረ፣ ያን ጊዜ ወረቀት መኖሩን የምትለየዋ ትንሽ ምላስ ተሰብራ ወይ ቁራጭ ይዟት ይሆናል። ስትደውሉ የማሽኑን ሞዴል ከፊቱ አንብባችሁ ንገሩት፣ የት ጋ እንደሚነክስ ንገሩት፣ ሲገባ፣ መሀል ላይ ወይስ ሊወጣ ሲል። የነከሰውን ወረቀት ደሞ እንዳትጥሉት፣ እጥፋቱን አይቶ የትኛው ጎማ እንደሆነ ያውቃልና ጊዜም ብርም ይተርፋችኋል።